ሳይቀርብ የተቀመሰ

በሕንድ አገር አንድ ምግብ ሠሪ ነበረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለመንደሩ ቤተ መቅደስ ጣፋጭ ሲሠራ ኖሯል፤ ከዚያ ሁሉ ጣፋጭ ግን ሳይቀርብ የቀመሰው አልነበረም። ልዑልሰገድ፣ አትቸኩል፤ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «ማንም ያላየው፣ ማንንም ያልጎዳ ጥፋት ጥፋት ይባላል ወይ?» ነው ያልኸኝ። ይህን ታሪክ የሰማሁት ከዚያ አገር መጥቶ ሒሳብ ካስተማረኝ መምህር ነው፤ እሱም እንዳንተ ላለ ጠያቂ በአንድ ቃል መልሶለት አያውቅም።

የእነዚያ ሰዎች ደንብ እንዲህ ነው። ለአምላካቸው የሚያቀርቡትን ምግብ ማንም አስቀድሞ አይቀምሰውም፤ የሠራው ሰው እንኳ። መጀመሪያ ለአምላክ ይቀርባል፤ ተባርኮ ሲመለስ ፕራሳድ ይሉታል፤ ሀብታሙም ድኃውም በሁለት እጁ እየተቀበለ ይበላዋል። አስቀድሞ ከተቀመሰ ግን ትራፊ ነው። ትራፊ ደግሞ እንኳን ለአምላክ ለእንግዳም አይቀርብም።

ታዲያ ሰውየው መጣፈጡን በምን ያውቅ ነበር? በአፍንጫው። ወተቱ ሲወፍር፣ ቅቤው ሲበስል፣ ከአገዳ የተሠራው ጥቁር ስኳር ሲቀልጥ ሽታው ይነግረው ነበር። አፉን በነጭ ጨርቅ አስሮ ድስቱ ላይ ጎንበስ ሲል ላየው ሰው፣ ወሬ የሚሰማ ይመስል ነበር።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋና ከብቱ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ዘነበ፤ ሩዙም ደረሰ። አዲሱ ሩዝ ለአምላክ ሳይቀርብ አይበላምና መንደሩ በሙሉ ያን ቀን በጉጉት ይጠብቅ ነበር። ላም የተረፈችለት ሰው ጥቂት ስለሆነ ሩዙ የሚቀቀልበት ወተት በስኒ በስኒ ተሰበሰበ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግማሽ ስኒ ይዛ መጥታ፣ «ይቺው ናት፤ አትናቃት» አለችው። ምግብ ሠሪው እጅ ነሥቶ ተቀበላት።

በዚያው ሰሞን ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኖ ነበር። ለማንም አልተናገረም። ሠላሳ ዓመት የተመሰገነ ሰው «ዛሬ አልችልም» ማለት ይከብደዋል፤ እኛንም ይከብደን የለ? ማለዳ ታጥቦ፣ አፉን አስሮ ሥራውን ጀመረ። ሩዙ ፈላ፣ ወተቱ ወፈረ፤ ሽታ ግን የለም። አረረ ይሆን? ስኳሩ አነሰ ይሆን? ያቺ ግማሽ ስኒ በእሱ እጅ ብትበላሽስ? ጭንቅ ያዘው። ግራ ቀኝ አየ፤ ሰው የለም። ጨርቁን ዝቅ አደረገና ከጭልፋው ጫፍ አንዲት ጠብታ ምላሱ ላይ አኖረ።

ልክ ነበር። ምንም አልጎደለውም፣ ምንም አልበዛበትም። አንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለው፤ ወዲያው ያደረገው ነገር ገባውና ክው አለ። ጨርቁን መልሶ አሰረ። «ባልቀምሰውም ያው ነበር» አለ ለራሱ። እውነቱን ነው፤ ያው ነበር።

ደወሉ ሲደወል ድስቱን ተሸክሞ ወጣ። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ መንገድ ለቀቀለት። ያቺ ሴት ከፊት ነበረች፤ ሲያልፍ ሁለት እጇን አጋጥማ፣ «እጅህ ይባረክ» አለችው። ቆም አለ። ድስቱን የቤተ መቅደሱ ደጃፍ ላይ አስቀመጠና ጨርቁን ከአፉ ፈታ።

«ቀምሼዋለሁ» አለ።

ካህኑ ጠጋ ብሎ በዝግታ ጠየቀው። «ማን አየህ?»

«ማንም አላየኝም።»

«ታዲያ ምን አናገረህ?»

«እነሱ በሁለት እጃቸው ሊቀበሉኝ ነው፤ ምን እንደሚቀበሉ የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አንድ ሀብታም ሰው፣ «ለአንዲት ጠብታ ይህን ሁሉ ወተት?» ብሎ ተቆጣ። አንዳንዱም ፊቱን አዞረበት። ምግብ ሠሪው አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ የሠላሳ ዓመት ስሙ በአንድ ቃል ማለቁን አውቆታል፤ እንባው መጣ። ያን ጊዜ ያቺ ሴት የልብሷን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ለቤቷ ያስቀረችው አንድ እፍኝ አዲስ ሩዝ ነበር። ለካህኑ አልሰጠችውም፤ ለምግብ ሠሪው ዘረጋችለት። «ይህን ቀቅልልን» አለችው።

በውኃ ቀቀለው፤ ትንሽ ጥቁር ስኳር ጣል አደረገበት። አፍንጫው አሁንም እንደተደፈነ ነው፤ አልቀመሰም። ቀርቦ ሲመለስ ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ፍሬ ደረሰው። አርሮ ነበር። ሁሉም በሁለት እጁ ተቀብሎ በላው፤ አረረ ያለ ሰው የለም። ትልቁ ድስት ደግሞ እንደማንኛውም ምሳ ተበላ፤ እጅግ ይጣፍጥ ነበር ይላሉ።

ሰውየውን እስኪሞት ድረስ «ቀማሹ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ድስቱን ግን ለሌላ ሰው ሰጥተው አያውቁም።

እንግዲህ ልዑልሰገድ፣ አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። የመምህርነቱ ፈተና ሳይደርስ፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳውን ወረቀት ገለጥ አድርገህ አንዲት ጥያቄ አይተሃል፤ ፈተናውንም አልፈሃል። ባላያትም እመልሳት ነበር ትለኛለህ። አምንሃለሁ፤ ጎበዝ ነህ። የእሱም ድስት ልክ ነበር። ግን ሰኞ ክፍል ስትገባ እነዚያ ልጆች ብድግ ብለው «እንደምን አደሩ መምህር» ይሉሃል፤ አንተም ትቀበላቸዋለህ። ጥፋት ነው ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። ባይሆንማ ይህን ሁሉ ዳገት ወጥተህ እኔ ዘንድ ባልመጣህ። ደጃፉን ገና አላለፍክም፤ ድስቱን አስቀምጥና ተናገር።