በጉም በር ዳገት ላይ የተገኘው ድንጋይ

የአምላክ እናት፥ የኀዘንተኞች መጽናኛ፥ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ጉም በር በሚባለው ዳገት ላይ ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ አማላጅነቷ መንገድ ከሚሄደውም ቤት ከሚጠብቀውም ጋር ይሁን፤ አሜን።

በደጋው አገር፥ መንገዱ በገደል አፋፍ እየተጠማዘዘ በሚወጣበት ስፍራ፥ ጓንጉል የሚባል መኪና ነጂ ነበረ፤ የክርስትና ስሙም ኃብተ ማርያም ነው። መኪናው አራቱንም ጎማ ባንድነት የምታዞር የተራራ መኪና ነበረችና ሌላው ወደማይደፍራቸው መንደሮች እህልና መድኃኒት ያደርስባት ነበር። እርሱም እመቤታችንን እጅግ ይወድ ነበርና በየቀኑ የማያጓድለው ስእለት ነበረው፤ ክፉ ቦታ ሲደርስ መኪናውን አቁሞ ይወርድና መንገዱን አስቀድሞ በእግሩ ይሄድበታል፤ የተሸረሸረውን ያያል፥ ጭቃውን በበትር ይለካል፥ ከመንገዱም መካከል ድንጋይ ባገኘ ጊዜ «ሰላም ለኪ» እያለ አንሥቶ ከዳር ያኖረዋል፤ ከዚያም ተመልሶ ይነዳል። በቀን ሰባት ድንጋይ ሳያነሣ እህል አይቀምስም ነበር። ሌሎቹ ነጂዎች ግን «ጓንጉል መንገድ ጠራጊ ሆኖ ተቀጠረ» እያሉ ይሣለቁበት ነበር፤ እነርሱስ ማርሹን ዜሮ አድርገው፥ ነዳጅ ቆጠብን እያሉ፥ ቁልቁለቱን ሲንደረደሩ የሚውሉ ናቸው፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለውን ከእናታቸው ያልሰሙ ይመስል።

ይህ ሰው ብቸኛ ነበረ። ረዳት አይዝም፥ ከጎኑ ሰው አያስቀምጥም፥ ከሰው ማዕድ አይቆርስም፤ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ከመኪናው ሥር ተቀምጦ ብቻውን ይበላ ነበር። ለጠበል ጻዲቅ ሲጠሩትም «መንገደኛ ነኝ» ብሎ ያልፋል። ሰዎች ኩራት መሰላቸው፤ ኩራት ግን አልነበረም። ሆድ ካገር ይሰፋልና በሆዱ የያዘውን ከፈጣሪው በቀር ያወቀ አልነበረም፤ ነገሩም እንዲህ ነው።

ከዚያ በፊት በዐሥራ ሁለት ዓመት፥ በዚሁ በጉም በር ዳገት ጎማው ፈነዳበትና መኪናዋ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስደገፈ፤ ነጂዎች ታኮ የሚሉት ነው። ጎማውንም ለውጦ ሲቸኩል፥ የአገሩ ነጂዎች ሁሉ እንደሚያደርጉት፥ ድንጋዩን ከመንገዱ መካከል ትቶት ሄደ። ከእርሱም በኋላ ወዳጁ ደርበው መኪናውን እየነዳ መጣ፤ ጉም ነበርና አላየውም፤ መታውና ከነመኪናው ገደል ገባ፥ ድንጋዩም አብሮት ወረደ። ሰዎች «ዕድሉ ነው» አሉ፤ ጓንጉል ግን ተመልሶ ስፍራውን ባየ ጊዜ ድንጋዩ አልነበረም፥ የጎማውም ምልክት ከዚያው ተነሥቶ ወደ ገደሉ ይሄድ ነበርና አወቀ። በቀብሩ ላይ አለቀሰ፤ ለሟቹ ሚስት ለእናኑ ግን አልነገራትም። ዛሬ እነግራታለሁ፥ ነገ እነግራታለሁ ሲል ዓመታቱ አለፉ። ያንንም ድንጋይ በሕልሙም በውኑም ያየው ነበር፤ ጥቁር፥ አንድ ማዕዘኑ የተሰበረ፥ በወገቡም ነጭ መስመር የዞረበት ነበረ።

ከዕለታት አንድ ቀን፥ በወርኃ ሐምሌ፥ በእመቤታችን በዓል በሃያ አንድ፥ እናኑ ላከችበት። አባቷ ደርበው ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ የነበረችው ጥሩወርቅ ምጥ ከጀመራት ሁለት ቀን ሆኗታል፥ ወንዙም ሞልቶ በቃሬዛ የሚያሻግራት ጠፍቷል፥ ሐኪም ቤት ካልደረሰች እርሷም ፅንሱም አይተርፉም አለችው። ጓንጉል ይህን ሰምቶ ፈራ፤ የፈራው መንገዱን አልነበረም፥ የእናኑን ፊት ነበር እንጂ። ቢሆንም ሄደ፤ ልጅቱንም ከኋላ በፍራሽ ላይ አስተኙአት፥ እናቲቱም ራሷን ደግፋ ያዘቻት።

«አያ ጓንጉል፥ ደርበው ቢኖር አንተን ባላስቸገርሁ ነበር» አለችው እናኑ። እርሱም መኪናውን አስነሣ፤ ከኋላው ሁለት ነፍስ ተቀምጠው እንደዚያ ቀን ብቻውን የሆነበት ቀን አልነበረም።

ጉም በርም በደረሱ ጊዜ፥ ቀትር ሆኖ ሳለ ጉሙ ፀሐይን ሸፍኖ ነበር። ልጅቱ እያቃሰተች ነበርና ጓንጉል ስእለቱን ላጓድል ብሎ አሰበ፤ ነገር ግን ያልታየ መንገድ እንደሚገድል ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና ወረደ፥ በዝናብ ውስጥ ዳገቱን ሁሉ በእግሩ ሄደበት፥ ያገኘውንም ድንጋይ አነሣ፥ ከኋላው አንዲት ጠጠር እንኳ አልተወም። ከዚያም አራቱን ጎማ አያይዞ በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ወጣ። ከዳገቱም እኩሌታ በደረሰ ጊዜ የመንገዱ ዳር ተናደ፤ ሞተሩ ጠፋ፥ ፍሬኑን ቢረግጠው እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ፥ የእጅ ፍሬኑም ጭቃውን አልቻለም፤ መኪናዋም ደርበው ወደ ወደቀበት ገደል ወደ ኋላ ትንሸራተት ጀመር። ያን ጊዜ በልቡ ጮኸ፥ «እመቤቴ ሆይ፥ እኔስ ይገባኛል፤ ደርበውን በላሁት፥ የእርሱን ልጅ ግን አታስበዪኝ!»

መኪናዋም እንደ ተተከለች ቆመች።

ወርዶ ቢያይ፥ አሁን በገዛ እጁ ከጠረገው መንገድ ላይ፥ ከኋላ ጎማዋ ሥር፥ ከገደሉ ጫፍ አንድ ክንድ ሲቀር፥ ድንጋይ ተደግፎ አገኘ። ጥቁር ነበረ፤ ማዕዘኑ የተሰበረ፥ በወገቡም ነጭ መስመር የዞረበት። ዝናቡ እየወረደ ድንጋዩ ግን ደረቅ ነበረ።

እናኑም ተከትላው ወርዳ «እሰይ! ማነው ይህን ያኖረልን? እግዜር ይስጠው!» አለች።

ጓንጉልም ከጭቃው ላይ ተንበረከከና «እቴ እናኑ፥ ያኖርሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ አይደለም፥ የዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው። ደርበውን የጣለው ይህ ነው» አላት፥ ሁሉንም ነገራት፥ ምንም አልደበቀም። እርሷ ነጠላዋን በራሷ ላይ እንደ ጣለች ድንጋዩን በእጇ ዳሰሰችው። ልጅቱም ከመኪናው ውስጥ ጮኸች። እናኑ «ንዳ» አለችውና ከልጇ ዘንድ ገባች።

ሞተሩም ባንድ ጊዜ ተነሣ፥ ጎማዎቹም ያንን ድንጋይ ተደግፈው መሬቱን ጨበጡና መኪናዋ ከዳገቱ ራስ ወጥታ ከሜዳው ላይ ቆመች። ጓንጉል ድንጋዩን ከመንገድ ላይ ሊያነሣ በሩን ሲከፍት፥ እናኑ ቀድማው ወርዳ ነበር። በዝናቡ ውስጥ ወደ ታች ተመልሳ ባሏን የገደለውን ድንጋይ ታቅፋ አያት፤ ከብዷትም ተንገዳገደች። ሮጦ በደረሰ ጊዜ አልከለከለችውም፤ «በዚያ በኩል ያዝ» አለችው። ሁለቱም ተሸክመው ከመንገዱ ዳር በተራራው በኩል አኖሩት። እርሷም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፥ «ሌላ እናት አታልቅስ» አለች።

ከዚያም ያለ ፍሬን ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ በቀስ ወርደው ሐኪም ቤት ደረሱ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ጥሩወርቅ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ጓንጉልም ለንስሐ አባቱ ተናዝዞ ቀኖናውን ተቀበለ። ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ እናኑ አስጠራችው፤ እርሱም እንደ ልማዱ «መንገደኛ ነኝ» ብሎ ከደጅ ቆመ። እርሷ ግን ወጥታ እጁን ይዛ አስገባችው፥ በደርበው ስፍራም አስቀመጠችውና «ቁረስ እንጂ፤ ከእንግዲህ ብቻህን አትብላ» አለችው። እርሱም እያለቀሰ በላ፥ የአምላክን እናት እያመሰገነ።

ለመኪናችሁ ድንጋይ ያስደገፋችሁ ሁሉ፥ ስትነሡ አንሡት፤ ከኋላችሁ የሚመጣው የሰው ልጅ ነውና። የገደለውን ድንጋይ ማዳኛ ያደረገች እመቤታችን ይህን የሰማነውን ሁላችንን ከገደል አፋፍ ትመልሰን፥ ሳንናገር የተሸከምነውንም ሸክም ታውርድልን፥ ብቻውን የሚበላውንም ከማዕድ ታስቀምጥልን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።