ጣሪያውን በወረቀት የለወጠው ሰው

እኛ ቀበሌ ውስጥ፣ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ለሥራ እጁን የሚያነሳ ሲጠፋ የምንላት አንዲት ነገር አለች። ልጆች ሳይቀሩ ይሏታል። ከየት መጣች ብትሏቸው «የጥንት ናት» ይላሉ። ውሸት ነው። የመጣችው ከስንሻው ቤት ጣሪያ ነው፤ ጣሪያው ሲወርድ በአይኔ አይቻለሁ።

ስንሻው ጎረቤቴ ነው። ሰነፍ አልነበረም፣ ይህን አልክደውም። ሦስት ዓመት የሰው ሰሊጥ አጭዶ ባጠራቀመው ሃያ አራት ቆርቆሮ ገዝቶ ቤቱን ከሳር ያላቀቀ ሰው ነው። ሚስቱ ደብሬ ዝናብ ሲመታው «ስሚው እስቲ» እያለች ትጠራኝ ነበር።

ኋላ ይሁኔ የሚባል ምላሰኛ መጣ። የአውቶብስ ረዳት ነበር። ከወንዙ ማዶ ኮረብታው ስር ወርቅ አለ ብሎ ስድስት ቆፋሪ ሰበሰበና የወርቅ ፍለጋ ማኅበር አቋቋምኩ አለ። ለቆፋሪ ስንቅ ያቀበለ ሰው ከሚገኘው ወርቅ ድርሻ መውሰዱ በእኛ አገር የቆየ ነው፣ ነውር የለበትም። ይሁኔ ግን ድርሻውን ማኅተም በመታበት ወረቀት አድርጎ ቅዳሜ ገበያ ያወጣው ጀመር። አክሲዮን ነው አለን።

መጀመሪያ አንዱ ወረቀት በአንዲት ዶሮ ይገኝ ነበር። በሳምንቱ «ጥቁር አሸዋ ታየ» ተባለ። ጥቁር አሸዋ ካለ ወርቅ አይርቅም፤ ይህን ማንም ያውቃል። ወረቀቱ ፍየል አወጣ። ዶሮ ሰጥቶ የገዛው ፍየል እየነዳ ሲገባ ያየ ሁሉ ልቡ ሸፈተ። ከፍየል ወደ ጊደር ሄደ። ወርቁን ያየ የለም፣ ፍየሏን ግን ሁሉም አየ።

ግንቦት ሲያልቅ ስንሻው መሰላል አቁሞ ሚስማር መንቀል ያዘ። ሙሉሰው የሚባል ጎረቤት ሃያ አራቱንም ቆርቆሮ ለራሱ ቤት ወስዶ አራት ወረቀት ሊሰጠው ነው። ደብሬ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«ክረምት መግቢያ ላይ ጣሪያ የሚያወርድ ሰው አይቼ አላውቅም» አልኩት።

«እት ሽታዬ፣ አንቺ ያላየሽው ብዙ ነው» አለኝ ከላይ ሆኖ። «ለመስቀል በግንብ እሠራዋለሁ።»

«እስከ መስቀልስ የት ልታድሩ ነው?»

«ሳር አለብሰዋለሁ።»

«ጉድጓዱን አይተኸዋል?»

«ይሁኔ አይቶታል።»

ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ይሁኔን ጠየቅሁት። በጃንጥላ ስር ተቀምጧል። «እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ያዩት ቆፋሪዎቹ ናቸው» አለኝ። ቢሮው ጃንጥላዋ መሆኗ ነው። ቆፋሪዎቹን ለመፈለግ ሩቅ አልሄድኩም፤ ስድስቱም እዚያው ናቸው። አለቃቸው አንለይ አዲስ ጫማ አድርጎ ወረቀት ያውለበልባል።

«አንለይ፣ ዛሬ አትቆፍርም?»

«ድርሻዬን ከሸጥኩ ወር አለፈኝ እትዬ። ለሰው ጉድጓድ ወገቤን ልቁረጥ?»

«ይሄ የያዝከውስ?»

«ይሄን ትናንት ገዛሁት። ሲጨምር እሸጠዋለሁ።»

«ማን ቆፍሮ ነው የሚጨምረው?»

«ሌሎቹ አሉ» አለኝ። ሌሎቹ ከኋላው ቆመው በአንዲት ጊደር ይከራከራሉ።

ይህን ሁሉ ሄጄ ለስንሻው ነገርኩት። ሽጠውና ቆርቆሮህን መልስ አልኩት። ያኔ ገና ይመለስ ነበር። «እየጨመረ ማን ይሸጣል? ቅናት ነው የሚያናግርሽ» አለኝ። ለሱ ስል እግሬን ማድከሜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰኔ ገባ። ሳሩ በጥድፊያ የተጣለ ነበርና ሦስት ቀን የዘነበው ዝናብ ወንፊት አደረገው። መደቡ ተናደ፣ ጤፉ በቀለ። ደብሬ ልጆቿን ይዛ እኔ ቤት ገባች። «ወርቁን ካላሳየኸኝ አልመለስም» አለችው። እሱም እልህ ያዘውና ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልሎ ተነሳ። እኛ ተከተልነው። አርባ ዓመት ወርቅ ሲያጥቡ የኖሩት አያ ደምለውም አብረውን መጡ።

ጉድጓዱ እስከ ወገቤ አይደርስም። የዝናብ ውሃ ተኝቶበት እንቁራሪት ይጮህበታል። ዳሩ ላይ እጀታውን ምስጥ የበላው ዶማ ወድቋል። ጥቁር አሸዋ የተባለውም እዚያው ነበር፤ ቆፋሪዎቹ ወጥ የሠሩበት አመድና ከሰል ነው። አያ ደምለው በጣታቸው አሽተው አሸተቱት።

«ሽንኩርት በዝቶበታል» አሉ።

በዚህ መሃል ከታች የሰው ድምፅ መጣ። ወንዙን ስንሻገር ያየን ሰው ወርቅ ወጣ ብሎ አውርቶ ኖሮ ገበያተኛው ሁሉ ተነቅሎ ይሮጣል። ከፊት ሙሉሰው ነው። ገና ከቁልቁለቱ ሆኖ፣ ጉድጓዱ ሳይታየው፣ «ወጣ አይደል? አራቱን ወረቀት መልስልኝና ቆርቆሮህን ውሰድ፣ ጊደርም እጨምርልሃለሁ» አለ።

ስንሻው ወደ ፌስታሉ እጁን ሰደደ። ይህን ነው ይቅር የማልለው። ደብሬ ቀደመችው። ያ ቆርቆሮ ከማንም በላይ የሚያስፈልጋት እሷ ነበረች። ፌስታሉን ከእጁ መንጭቃ ውሃው ውስጥ ጣለችው።

«የሙሉሰው ልጆችስ በዝናብ ይደሩ?» አለችው። ዞር ብላም «ና ሙሉሰው፣ መጀመሪያ እየው» አለች።

ሙሉሰው አየ። ከኋላው የመጣውም ሁሉ ከበበና አየ። አንለይና ጓደኞቹም አሉበት። ይሁኔ ብቻ የለም፤ ድሮ በሚጣራባት አውቶብስ ተሳፍሮ ሄዷል አሉ። ጉድጓዱን የከበበው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ «ቆፋሪዎቹ የት አሉ?» ይባባላል። አንለይ ራሱ «የት ሄዱ?» ሲል ሰማሁት።

አያ ደምለው ጎንበስ ብለው ዶማውን አነሱና ለመጀመሪያው ሰው ዘረጉለት። አልተቀበለም። ለሁለተኛው ዘረጉ፣ እጁን ኪሱ ከተተ። ለስንሻው ዘረጉ፣ ስንሻው መሬት መሬቱን አየ። ሽማግሌው ያን ሁሉ ሰው ዙሪያውን ቃኙት፣ ዶማውን ከእንቁራሪቱ ጋር መልሰው ጣሉትና አሉ፦ «የጉድጓዱ ጌታ መቶ፣ የዶማው ጌታ ጠፍቶ።»