ሳይቀመስ የበሰለው ቀይ ሾርባ

በአንድ ወቅት፣ ፀሐይ ለሦስት ሳምንት ፊቷን ባላሳየችበት ክረምት፣ በአንዲት የደጋ ከተማ ወይዘሮ ዘርትሁን የሚባሉ ባለሙያ ሴት ታመው ተኙ። ትኩሳቱ ከቀናት በኋላ ለቀቃቸው፤ የምግብ ፍላጎታቸው ግን አብሮት ሄደ። አፋቸው ቆስሎ ስለነበር የቀረበላቸውን ሁሉ አንዴ ቀምሰው ማንኪያውን ያስቀምጣሉ። አንዴ ካስቀመጡት ደግሞ ማንም ለምኖ አያስነሣቸውም።

እኚህ ሴት በሰፈሩ የሚታወቁት በቀይ ሾርባቸው ነበር። ወጣት ሳሉ በአንድ የውጭ አገር ሐኪም ቤት ሲሠሩ የተማሩት ነው። ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ድንችና ጥቅል ጎመን በትልቅ የብረት ድስት ውስጥ ግማሽ ቀን ሙሉ ቀስ እያለ ይበስላል። አራስ ወይም በሽተኛ ካለበት ቤት ያ ድስት ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም።

ባለቤታቸው አቶ ይርዳው በር ቆልፈው ሦስት ጊዜ ተመልሰው የሚፈትሹ ሰው ናቸው። አሁን ደግሞ ሥጋታቸው እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። የጤና ጣቢያው ነርስ መጥታ አይታ፣ «እስከ ነገ ማታ ምግብ ካልወሰዱ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መሄዳቸው ነው። ይህ ሰውነት ደግሞ መንገዱን የሚችለው አይመስለኝም» ብላቸዋለች።

አቶ ይርዳው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ዘርትሁን፣ ምን ይሠራልሽ?»

«የራሴ ሾርባ» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን። «ነገ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። እምቢ ካለኝ አትጨቅጭቁኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ያሉት ጾሙ ፍልሰታ ስለነበረ ነው። የነፍስ አባታቸው ስለ ሕመማቸው ፈቅደውላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አሻፈረኝ ብለዋል። ስለዚህ ሾርባው አጥንትም ቅቤም የማይነካው፣ የሚቀርበውም በጾሙ መፍቻ ሰዓት ሆነ።

ልጃቸው ታምሬ ይህን እንደሰማ ቦት ጫማውን አጠለቀ። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው በገበያው አንድም ቀይ ሥር አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ግን የሚያውቀው አትክልተኛ አለ። ድልድዩን ውሃ ወስዶታል። ታምሬ ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተሻገረ። ማዶ አደረ። ጎህ ሲቀድ ቀይ ሥሩን ከጭቃው በእጁ እየነቀለ ኬሻ ሞላና በዚያው ውሃ ተመለሰ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ቤት ገባ።

«ቅጠሉ እንኳ አልጠወለገም» አለ፣ ኬሻውን እያወረደ።

ታላቅ እህቱ በላይነሽ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ምድጃው ሥር ነበረች። የእናቷ ሕግ አንድ ነው፦ ድስቱ ዳር ዳሩን ይርገብገብ እንጂ አይንተክተክ። ከሰሉ ግን እርጥብ ነው፤ አንዴ ይጨሳል፣ አንዴ ይንቦገቦጋል። በላይነሽ ፍሙን በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ስታስገባና ስታወጣ ዋለች። ዓይኗ በጭሱ ቀላ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። አጥንት በሌለበት ሾርባው ጉልበት እንዲኖረው መጀመሪያ የባቄላውን ክክ እስኪሟሟ ቀቀለች። ቀጥላ ሽንኩርቱንና ካሮቱን፣ ቀይ ሥሩ ሲመጣም መልኩ እንዳይጠፋ ሎሚ ጨምቃበት ጨመረች። ጎመኑን ስታስገባ ጨው አደረገች። አልቀመሰችም። በጾም ቀን ሰዓቱ ሳይደርስ ወጥ የሚቀምስ የለም፤ እጅ በልምድ ይመጥናል፣ ምላስ ይጠብቃል።

እኩለ ቀን ላይ በላይነሽ ከሰል ልታመጣ ወደ ጓሮ ወጣች። አቶ ይርዳው ይህን ጊዜ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ድስቱ ቀረቡ።

«ልጅቷ ደክሟታል። ጨውን ረስታው ቢሆንስ?» ብለው አሰቡ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ረስታ ነበር። ከጨው ጣሳው አንድ ጭብጥ ጨመሩ። ለጥንቃቄ ብለው ሌላ ደገሙ። የበላይነሽን ኮቴ ሲሰሙ ጣሳውን መስኮቱ ላይ አኑረው፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ተመልሰው ተቀመጡ።

ሰባት ሰዓት ላይ በጓሮው ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ስንዱ ልታግዝ ገባች። ከሁለት ዓመት በፊት ዘመድ በሌለበት ታማ ስትወድቅ ያስታመሟት ወይዘሮ ዘርትሁን ናቸው፤ በዚሁ ሾርባ።

«በላይነሽ፣ ጨው ስንቴ ነው የጨመርሽው?»

«አንዴ ነዋ! ምነው?»

«ጣሳው ክዳኑን አውልቆ መስኮት ላይ ቁጭ ብሏል።»

«እንግዲያው አይጧ ባለሙያ ሆናለቻ!» ብላ በላይነሽ ሳቀች።

አቶ ይርዳው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቃሉ አፋቸው ላይ ደረሰ፤ መልሰው ዋጡት።

ስንዱ ግን አልሳቀችም። «የእትዬ አፍ ቆስሏል። ጨው ከበዛበት ማንኪያውን ያስቀምጣሉ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እንቀምሰዋለን።»

«ያኔ ብናውቀው መቼ ይስተካከላል?»

በግቢው የማይጾም ሰው አልነበረም። ስንዱ ከልጅነቷ ጀምሮ ከፍልሰታ አንዲት ቀን አጓድላ አታውቅም። ወደ ድስቱ ቀረበች። ከዚያ አማተበች፣ ጭልፋውን አነሣች፣ ቀመሰች። ፊቷ ጭምድድ አለ።

ጊዜ አላጠፋችም። ከመረቁ ግማሹን ቀዳች፣ የፈላ ውሃ ጨመረች፣ ጨውን እንዲመጥጥላት ድንች በትልልቁ ቆርጣ ከተተች፣ የተረፈውን ቀይ ሥር ደገመች። እየቆየች ቀመሰች። አምስት ጊዜ።

«አንቺ፣ ጾሙን እኮ ምሳ አደረግሽው!» አለ ታምሬ፣ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ።

«አንተ ዝም ብለህ ተንቀጥቀጥ» አለችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ወይዘሮ ዘርትሁንን ትራስ አስደግፈው አስቀመጧቸው። የቤቱ ሰው ዓይን ሁሉ ማንኪያው ላይ ነበር። አንዴ ጎረሱ። ማንኪያው ወደ ሳህኑ ወረደ፤ አቶ ይርዳው ትንፋሻቸውን ያዙ። ማንኪያው ተመልሶ ወጣ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆንም አላረፈም።

«ድገሙኝ» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን። ቀጥለውም፣ «ይርዳው።»

«አቤት።»

«ጨው የደገምከው አንተ ነህ አይደል?»

«በምን አወቅሽ?»

«ድንቹ በዝቷል። ድንች የሚበዛው ጨው ሲበዛ ነው። በላይነሽ ጨው ትፈራለች። አርባ ዓመት ሙሉ በወጤ ላይ የምትደግም አንተ ብቻ ነህ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቶ ይርዳው ግን ወደ ስንዱ ዞሩ።

«ልጄ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አፈርኩ።»

«ቢነግሩኝም ሳልቀምስ አላስተካክለውም ነበር፣ ጋሼ።»

ወይዘሮ ዘርትሁን እጃቸውን አነሡ። «ያን ድስት ከእንግዲህ ክንዴ አያነሣውም። ይህን ሾርባ ላበሰለልኝ ሰው ይሰጥ፤ የሰፈሩን በሽተኛ በተራው ያብላበት።»

«ማን እንበል?» አሉ አቶ ይርዳው።

«እኔ ተኝቼ ነበር። ጨውን የደገምክ አንተ፣ ፍርዱንም አንተው ስጥ» ብለው ጋደም አሉ።

ታምሬ፣ «እኔ ወንዙን ባልሻገር ምን ይበስል ነበር? ባዶ ውሃ!» አለ።

በላይነሽ፣ «ቀይ ሥር ብቻውን ሾርባ አይሆንም። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ እሳቱን የያዝኩት እኔ፤ እየራበኝም ጾሜን ጠብቄያለሁ። እማዬም ጾሟን የምትወድ ሴት ናት» አለች።

ስንዱ በመጨረሻ ተናገረች። «እናንተ የደከማችሁበት ሾርባ አንዴ ተጎርሶ ሊቀመጥ ነበር። የእኔ ድካም የሁለት ሰዓት ብቻ ነው። የሰጠሁት ጾሜ ግን ተመልሶ የሚገኝ አይደለም።»

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ስትመጣ ወይዘሮ ዘርትሁን ተቀምጠው ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ አገኘቻቸው። ሆስፒታል የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም። ከበሩ ስትደርስ ግን ዞር ብላ፣ «ከታች ሰፈር አንዲት አራስ እህል አልወርድ ብሏታል። ያ ድስት ዛሬ ይገኛል?» አለች።

አቶ ይርዳው ድስቱን አጥበው፣ አድርቀው፣ ከሥሩ ጥላሸት ቀርቶ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ገልብጠው አይተው ነበር። በሁለት እጃቸው አንሥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ታምሬ፣ በላይነሽና ስንዱ ከፊታቸው ቆመዋል፤ ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተዋል። ካፊያው አባርቷል፤ አራሷም እየጠበቀች ነው።

እናንተ በአቶ ይርዳው ቦታ ብትሆኑ ድስቱን ለማን ትሰጡ ነበር? ቀይ ሥሩን በውሃ ላመጣው፣ እሳቱንና ጾሟን ለጠበቀችው፣ ወይስ ጾሟን ሰጥታ ማንኪያውን ላስነሣችው?