የእመት እባብ የክረምት ቤት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ገና ሳይጋመስ፣ እባብ በብርድ ደርቃ እንደ ተጣለ ጠፍር መንገድ ዳር ተገኘች። ፈጣሪ በጥበቡ ሲሠራት በሆዷ ሙቀት አላኖረላትም፤ የምትሞቀው ከፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ደመና ውስጥ ከገባች ሰንብታለች። ያገኘቻት አህያ ክፉኛ ደነገጠች። ገብሷን ከአይጥ የምትጠብቅላት እባብ ነበረችና እየሮጠች ሄዳ ለአንበሳ ነገረችው።

አንበሳም እንስሳቱን ሰብስቦ፣ ሳትሞት ዛሬውኑ በደቦ ሞቅ ያለ ቤት ይሠራላት አለ፤ ለሠሩትም የበሬ ታፋ እንደሚሰጥ ተናገረ። ጅብ ታፋ ሲባል ምራቁን ውጦ ብድግ አለ። ደቦ ምን ያደርጋል፣ ለብቻዬ እበቃለሁ አለ። ሥራውን ካካፈለ ሥጋውንም ማካፈሉ አይቀርማ።

ድንጋይ ደረደረ፣ ጭቃ ከጭድ ጋር አቦካ፣ ግድግዳውን መረገ። ስንጥቅ ባየ ቁጥር ደፈነ። ከከሰል አክሳዮች ጉድጓድ ፍም አምጥቶ ወለሉ መሐል ከመረ፤ ጥቂት ፍም ካሞቀ ብዙው የበለጠ ያሞቃል ብሎ ጨመረበት። ከዚያ እባብን አስገባና በሩን በድንጋይ ገጠመው።

አህያ ቤቱን ዞራ ዞራ አንድ ቀዳዳ አጣች።

«አያ ጅቦ፣ በየት በኩል ልትተነፍስ ነው?» አለችው።

«አፍንጫዋን አላየሽም? የጤፍ ፍሬ ታክላለች። ውስጥ ያለው አየር እስከ መስከረም ይበቃታል።»

ክፈት ብላ ብትለምነው፣ ታፋዬን ሳልቀበል አልከፍትም አለ። ድንጋዩን ልትገፋ ስትጠጋ ጥርሱን አሳያት። ቢቸግራት ወደ ቀበሮ ሮጠች።

ቀበሮ አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። መጥታ በመጀመሪያ ምርጊቱን አደነቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንበሳ ታፋውን ይዞ እየመጣ መሆኑን፣ የቤቱን ሙቀት እንዲያምንም ሠሪው ራሱ ውስጥ ተኝቶ እንዲጠብቀው ማዘዙን ነገረችው። ጅብ ድንጋዩን ፈንቅሎ ዘሎ ገባ። አህያ እባብን ቀስ ብላ በጥርሷ ይዛ ጎትታ አወጣቻት፤ ሁለቱ ተጋግዘውም በሩን መልሰው ዘጉት።

«ሙቀቱ እንዴት ነው፣ አያ ጅቦ?» አለች ቀበሮ።

«ግሩም ነው። ታፋው ደረሰ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

ጅብ ፍሙ አጠገብ ተጋደመ። ከዚያ ማሳል ጀመረ።

«እመት ቀበሮ፣ ሆዴን እየፈጀኝ ነው።»

«ፈቀቅ በላ።»

«ወዴት ፈቀቅ ልበል? በሁሉም በኩል እሳት ነው። ትንፋሼም ሊቆረጥ ነው። ታፋው ይቅርብኝ፣ ክፈቺልኝ።»

«እባብም ይኼንኑ ስትልህ ነበር፤ ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ አልሰማሃትም» አለችና ከፈተችለት። ጅብ ጢሙ ተለብልቦ፣ ዓይኑ እያነባ ወጣ።

እባብ እርጥብ ሣር ላይ ተጋድማ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ምላሷን ብቅ ስታደርግ አህያ፣ ተመስገን አለች። ምን ዓይነት ቤት እንደምትፈልግ የተጠየቀችው ያን ጊዜ ነው፤ የጠየቀቻትም ቀበሮ ነበረች።

«እኔ እሳት ከሥሬ ሲሆን መቃጠሌን የማውቀው ከተቃጠልኩ በኋላ ነው» አለች እባብ በቀጭን ድምፅ። «እሳቱን አርቁልኝ። አንድ ጥግ ሙቅ፣ አንድ ጥግ ቀዝቃዛ ይሁንልኝ። ለራሴ እመርጣለሁ።»

አሁን ሥራው በደቦ ሆነ። ፍሙን ከቤቱ ውጭ፣ ከግድግዳው ጀርባ አኖሩት፤ ድንጋዩ ይሞቃል እንጂ እሳቱ አይነካትም፣ ጭሱም አይገባባትም። በሌላው ጥግ ውኃ በገል አስቀመጡላት። አየር እንዲገባ በቀዝቃዛው በኩል ዝቅ ያለ፣ እንዲወጣ በሙቁ በኩል ከፍ ያለ ቀዳዳ ተዉና ውሽንፍሩን እንዲከላከል ሸምበቆ አደረጉበት። ጭቃውን የረገጠው ጅብ ነበር፤ እያጉረመረመ ረገጠ።

አንበሳ መጥቶ ቤቱን አየና ታፋውን ለሁሉም አካፈለ፤ ለአህያ ገብስ ሰጣት። ጅብ ድርሻውን ሌሎቹ ሳይጀምሩ ዋጠና በቀዳዳው አጮልቆ ተመለከተ። እባብ ጭንቅላቷ በሙቁ ጥግ፣ ጅራቷ በቀዝቃዛው ተዘርግታለች።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እመት እባብ፣ የቱ ጥግ ነው የተመቸሽ?» አላት።

«በመካከላቸው ያለው መንገድ» አለችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሌላው ደግ ልንሠራ ስንነሣ ለእኛ መልካም የመሰለንን ብቻ ከምናበዛበት፣ የሚሻውን አስቀድመን ጠይቀን፣ ሲበዛበትም ፈቀቅ የሚልበትን ቦታ ልንተውለት እንደሚገባ ነው።