በጋሪ አልሄድም ያለው ውርንጭላ

አንድ ጊዜ፣ ከወንዝ ማዶ ባለች የእንስሳት መንደር፣ ዳልቻ የሚባል ውርንጭላ ነበረ። ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እየዘለለ ይወጣ ነበር። ታዲያ እመት ቀበሮ እዚያው በር ላይ ሱቅ ከፈተችና «የኔ ቆንጆ» እያለች ብስኩትና ለስላሳ በነጻ ታቀብለው ጀመር። ይባስ ብላ በሬ የሚጎትተው ጋሪ አመጣችለት። አህያ በጋሪ ተጭኖ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ መንደር ታየላችሁ።

ዳልቻ ጉንጩ ሞላ፣ ትንፋሹም አጠረ። ጎረቤቱ ሁሉ ደላው፣ አማረበት ይላል። ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት የተሸከመችው እናቱም ልጄ እንደ እኔ ጀርባው አልተላጠም ብላ ደስታዋን አልቻለችውም።

አንድ ቀን አያ ጅቦ በዚያ ሲያልፍ ሆዱ አላስችል አለው። ጠጋ አለና የበዓል በግ እንደሚገዛ ሰው የዳልቻን ወገብ ጨበጥ ጨበጥ አደረገ።

«ገና ነው፣ ለሁለታችን አይበቃም» አለ ወደ ሱቁ ዞሮ። «ቀበሮ፣ ብስኩቱን ጨምሪለት። መሮጥ እንደሆነ አይችልም ብለሽኛል።»

ቀበሮ ዓይኗን ብታፈጥበትም ጅብ ነውና አልገባውም። ዳልቻ ግን ገባው። ፈራ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቱ ፍርሃቱን አሸነፈው።

ለእናቱ ቢነግራት የምቀኛ ወሬ ነው ብላ አላመነችውም። በማግስቱ ጋሪው ደጃቸው ሲቆም ውርንጭላው አሻፈረኝ አለ።

«በእግሬ ነው የምሄደው።»

«የድሃ ልጅ ልትመስል?» አለች ቀበሮ።

«ልምሰል። ብስኩትሽንም ለጅብሽ አብዪው።»

እያለከለከ ወጣ። የክፍሉ ልጆች ሳቁበት፤ እሱ ግን በማግስቱም በእግሩ ወጣ። በየድንጋዩ እያረፈ ይወጣው የነበረውን ዳገት ክረምት ሳይገባ ባንድ ትንፋሽ ይወጣው ጀመር።

ጅቡ ትዕግሥቱ አለቀና ከቁጥቋጦ ዘሎ ወጣበት። ዳልቻ ሽቅብ ሸመጠጠ። አያ ጅቦ ደረስኩበት ሲል መንጋጋው ላይ እርግጫ ቀመሰና ቁልቁል ተንከባለለ። እናቱ ከታች ሆና ሁሉንም አየች፤ ጭነቷን ጥላ እየጮኸች ስትደርስ ልጇ ዳገቱ አናት ላይ ቆሞ ነበር።

በነጋታው ጎረቤቶቿ ልጅሽ ምነው ከሳብሽ፣ የሚበላው አጣ ወይ ብለው ሊያዝኑላት መጡ። እሷም ቀና ብላ አየቻቸው።

«እናንተ እንዳላችሁት ደልቶት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የመጣችሁት ለቅሶ ነበር።»

ከዚህ የምንማረው፣ ጎረቤት የፈለገውን ቢል፣ ልጅን የሚያኖረው የጉንጩ ሙላት ሳይሆን የእግሩ ጉልበት መሆኑን ነው።