ሐሙስ ሐሙስ የሚከፈተው በር

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መሪጌታ ኅሩይ፣ ሰብለወንጌል ጥያቄዋን ጨርሳ ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ።

ሰብለወንጌል የሳይንስ አስተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዋ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ በሌሎቹ ፕላኔቶች ላይ እግዚአብሔር የፈጠራቸው ሌሎች ይኖሩ ይሆን?» ብላ ጠየቀቻት። እሷም «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ካልተጻፈ የለም፤ ተቀመጪ» አለቻት። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ እጇን አላወጣችም። ነገሩ ሲከነክናት ሰንብቶ ሰብለወንጌል ወደ መሪጌታ መጣች። «የኔታ፣ ልክ ነበርኩ ወይስ ተሳሳትኩ? መጽሐፉ ይፈቅዳል ወይስ አይፈቅድም?»

መሪጌታ በአንድ ቃል መልሰው ሰው የሚያሰናብቱ አይደሉም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጠሉ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጠጋ ገበሬ። ከቤቱ በላይ ምንጭ፣ ከቤቱ በታች ከምንጩ በቦይ የሚጠጣ የነጭ ሽንኩርት ማሳ፣ ከማሳው በታች ደግሞ የመንደሩ ሰው የማይወርድበት ገደል ነበር። አብሮት የሚኖር አንድ ልጅ ነበረው። ሰውየው ሲታመም የንስሐ አባቱን አስጠርቶ ኑዛዜውን አጻፈ፤ በመጨረሻም አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ አተመበት። ያን ጣቱን ድሮ ማጭድ ቆርጦት ስለ ነበር አሻራው መሐል ለመሐል በጠባሳ የተከፈለ ነው።

ኑዛዜው የረሳው ነገር አልነበረም። በሬዎቹ፣ ማሳው፣ የተዝካሩ ድግስ፣ ጎረቤት የተዋሰው ዶማ ሳይቀር ተጽፏል። መጨረሻው ላይ «የቦዩን የታች በር ሐሙስ ሐሙስ ፀሐይ ስትወጣ ክፈተው፤ እስከ ቀትር አትዝጋው» ይላል። ለምን እንደሆነ ግን አይልም።

ልጁ ኑዛዜውን በቃሉ ያዘው። ወረቀቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ አኖረው፤ ለእንግዳ ሁሉ እያወጣ ያነብ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ በሩን ከፈተ። በሦስተኛው ዓመት ዝናብ ቀረ። ምንጩ ቀጠነ፣ የነጭ ሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆነ። ያ ሁሉ ውኃ ወደ ገደሉ ሲወርድ ባየ ቁጥር አንጀቱ ያርር ጀመር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት በሩን በድንጋይና በጭቃ ደፈነው። በመንደሩ ውኃን በተራ የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ የውኃ አባት የሚሏቸው፣ ሲያልፉ አዩት።

«ምነው ልጄ፣ አባትህ ክፈት ብሎህ የለም ወይ?»

«ብሎኛል አባባ። ግን ለማን? አባቴ ጎረቤት የተዋሰውን ዶማ እንኳ ያልረሳ ሰው ነው። ከታች ሰው ቢኖር ኖሮ ይጽፍልኝ ነበር። ከታች ሰው አለ ማለት በኑዛዜው ላይ መጨመር ነው።»

«እኔስ ወርጄ አላየሁም» አሉ ሽማግሌው። «ግን ለማን እንደሆነ እወቅ ብሎሃል ወይስ ክፈት ብሎሃል?»

ልጁ የመጨረሻውን ድንጋይ አስገባ። ክፋት አልነበረበትም፤ ክፋት ቢሆንማ በቀለለ ነበር። የአባቱን ቃል ያከበረ መስሎት ነው የደፈነው።

በአራተኛው ሐሙስ አንድ ሰው ከገደሉ ወጣ። በአንድ እጁ ከነሥሩ የደረቀ የበርበሬ ተክል ይዟል፤ በሌላው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር። ልጁ ከማሳው ቀና ብሎ አየው። ሰውየው ሲራመድ ግራ ትከሻውን ዘንበል ያደርጋል፤ ልክ እንደ አባቱ።

ጨርቁን ፈቱት። ያው የንስሐ አባት እጅ ጽሑፍ ነው። «ለልጄ» ብሎ ይጀምራል። ከታች ያ በጠባሳ የተከፈለ አሻራ አለ። አባትየው በወጣትነቱ ቆላ ወርዶ አግብቶ ነበር፤ ሚስቱ በወባ ሞታ ልጇ፣ ይኸው ከገደሉ የወጣው ሰው፣ እዚያው በአያቶቹ እጅ አደገ። ልጁ ይህን ሁሉ ገና ከእሱ መስማቱ ነው። አባቱ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ እሄዳለሁ ብሎ ሲወጣ፣ ብርቱካን ይዞ ሲመለስ ትዝ አለው።

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች የራሱን ስም ፍለጋ አነበበው። ስሙ የለም። ስለ በርበሬው አለ፣ ስለ ብርቱካኑ አለ፣ «ሐሙስ ሐሙስ ውኃ ይመጣልሃል፤ ቦይህን ንጹሕ አድርገህ ጠብቅ» የሚል አለ። ስለ እሱ ግን አንድም ቃል የለም። በጣም ከፋው። ይህ ሰው ስሜ የለም ብሎ የእኔንም ልጅነት እንዲሁ ሊክደው ይችል ነበር ብሎ አሰበ። ወዲያው ያን ያደረገው እሱ ራሱ መሆኑ ገባው።

«ውኃው ሲቀር ምን አልክ?» አለው ልጁ።

«ቦዬ ቆሽሾ ይሆናል ብዬ» አለ የቆላው ሰው፣ «ሦስት ሐሙስ ሙሉ ስጠርግ ነበር።»

ልጁ ይህን እንደ ሰማ ወደ ቦዩ ወርዶ በእጁ ጭቃውን ናደው። ግማሹ በርበሬ ዳነ፤ ግማሹ አልዳነም። የዚያ ዓመት ነጭ ሽንኩርትም ትንንሽ ነበር።

መሪጌታ ወደ ሰብለወንጌል ዞሩ።

«መጽሐፉ እንደዚያ ኑዛዜ ነው፣ ልጄ። ለእኛ ተጻፈ፤ ለመዳናችን የሚያስፈልገን አልቀረበትም። ከዋክብቱን የፈጠረ እሱ ነው ይላል። እዚያ ማን አለ፣ ማን የለም ግን አይልም። አለ ብዬ አልነግርሽም፤ ከገደል ወጥቶ የመጣ ሰው አላየሁም። ጌታ ‹ከዚህ በረት ያልሆኑ ሌሎች በጎች አሉኝ› ያለውን ጠቅሰው የሚከራከሩሽ ይኖራሉ። እሱ ስለ አሕዛብ የተነገረ ነው፤ እየጎተትሽ ጨረቃ ላይ አታድርሺው። የለም የሚልሽ ደግሞ መጽሐፉ ዝም ያለበት ላይ የራሱን ድንጋይ የሚከምር ነው።»

«አንድ ቀን ቢገኙስ፣ የኔታ? በእነሱ ወረቀት ላይ እኛ ባንኖርስ?»

«ይከፋናል» አሉ መሪጌታ። «ከዚያ አሻራውን እናያለን።»

ሰብለወንጌል አንገቷን ደፋች። ክፍሉ ሲስቅ እሷም ፈገግ ብላ ነበር፤ ያን ለመሪጌታ አልነገረቻቸውም።

«ያቺ ልጅ» አሉ መሪጌታ፣ «ጥያቄዬ መጥፎ ነበር እያለች ራሷን ስትወቅስ ሰንብታ ይሆናል። ቦዩን እንደሚጠርገው ሰው። መቼ ነው ክፍሏ የምትገቢው?»

«ነገ ጠዋት።»

«እንግዲያውስ ከትምህርቱ በፊት፣ በሳቁባት ልጆች ሁሉ ፊት፣ ‹አላውቅም፤ ጥያቄሽን ድገሚልኝ› በያት።»