አርባ ቀን በጅብ ቤት

አንድ ጊዜ፣ የማይታይ በሽታ ከጥርስና ከጥፍር ይልቅ በገደለበት ዘመን፣ አንዲት አህያ በሕልሟም አስባው በማታውቀው ቤት ውስጥ በር ተዘጋባት።

ነገሩ የጀመረው በዝንጀሮዎች መንደር ነው። ሰኞ ዕለት አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ አሳለው። ማክሰኞ ዘመድ ወዳጁ ተሰብስቦ ጠየቀው። በሳምንቱ ሊጠይቁት የመጡት ሁሉ ያስሉ ጀመር። ከዚያ በኋላ ከገደሉ ጫፍ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅ አንድም ዝንጀሮ አልታየም። የሚቀብራቸው ጠፍቶ ሬሳቸው ከወንዙ ማዶ ወድቆ ቀረ። ዱሩ በሙሉ ደነገጠ። ነብር ቢመጣ ይሮጣሉ፤ ከሳል ግን ወዴት ይሮጣሉ?

አንበሳም ቁራን ጠርቶ አዋጅ አስነገረ። ቁራ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ጮኸ፦

«ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ! ሁልህም ከቆምህበት አጠገብ ካለው ቤት ግባ! አርባ ቀን ሙሉ በርህን ዝጋ! በነዚህ ቀናት እንግዳውን የበላ ባለቤት፣ እሱም በአንበሳ ይበላል!»

በዚያች ሰዓት እመት አህዪት ጭድ ተጭና በጅብ ዋሻ ደጃፍ ታልፍ ነበር። ሁልጊዜ እዚያ ስትደርስ ትንፋሿን ውጣ ነው የምትሮጠው። ዛሬ ግን አዋጁን እንዲያስፈጽም የተሾመው ዘበኛ ነብር ከፊቷ ተገተረ።

«ግቢ!» አላት።

«የት ልግባ?»

«እዚሁ።»

«ጌታዬ፣ ይህ እኮ የጅብ ቤት ነው!»

«አዋጁ የሚለው አጠገብ ካለው ቤት ነው። ስለ ባለቤቱ የተነገረኝ ነገር የለም» ብሎ ከነጭዷ ገፍትሮ አስገባትና መዝጊያውን ገጠመው።

አያ ጅቦ ውስጥ ተጋድሞ አጥንት ይቆረጥም ነበር። አህያይቱን ሲያይ አጥንቱ ከአፉ ወደቀ። በዕድሜው ሙሉ ምሳ በራሱ እግር ሄዶ ሲገባለት አይቶ አያውቅም።

«እመት አህዪት! ደግሞ በራስሽ መጣሽ?»

አህያ አዋጁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። አያ ጅቦ ብዙ አሰበ። ለእሱ ማሰብ አጥንት ከመቆርጠም ይከብደዋል።

«እሺ፣ ከጅራትሽ ብቻ ትንሽ ብቀምስስ?»

«ጅራቱም የእንግዳው ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ውይ!» አለና ራሱን ያዘ።

እንዲህ ሆነው መኖር ጀመሩ። አህያ ከምድጃው አመድ ዝቃ በዋሻው መሐል መስመር አሰመረች። ወዲህ የእሷ፣ ወዲያ የእሱ። ከጥጉ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ በገንቦ እያጠራቀሙ በየተራ ይጠጣሉ። እሷ ጭዷን ለአርባ ቀን ከፋፍላ በቁና በቁና አስቀመጠች። እሱ ግን ያከማቸውን ቋንጣ በስድስት ቀን ጨረሰው።

ቤት መዋል ለሁለቱም ከበዳቸው። እሷ ጎሕ ሲቀድ ስታናፋ እሱ ደንግጦ ከጣሪያው ይጋጫል። እሱ በእንቅልፉ ሲያሽካካ እሷ ተስፈንጥራ ትነሣለች። አንድ ላም ለብቻው የበላበትን ታሪክ በቀን ሦስቴ ይነግራታል፤ በተነገረ ቁጥር ላሚቱ ትወፍራለች። ቋንጣው ካለቀ በኋላ ግን ወሬውን ተወ። አመዱ ዳር ቁጭ ብሎ ዝም ብሎ ያያት ጀመር። ያ ዝምታ ከማሽካካቱ ይበልጥ አስፈራት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እመት ቀበሮ በመዝጊያው ስንጥቅ አፏን አስጠግታ ተጣራች።

«ጋሼ ጅቦ! እንዴት ከረሙ? ድምፅዎ ጠፋ እኮ!»

«ራብ ድምፅ ያጠፋል፣ እመት ቀበሮ።»

«ምነው እርስዎን የመሰለ ጌታ ይራባል? ከወንዙ ማዶ ሥጋ እንደ ስጥ ተዘርግቶ የለም እንዴ! በሽታ የሚሉት ወሬ ነው። ቀትር ላይ ነብር ያንቀላፋል፣ ያኔ ይሂዱና ይብሉ። ታላቅ ሳይቀምስ ታናሽ አይቆርስም። ነገ ጠዋት ደህና ከሆኑ ብቅ ብለው ያሳዩኝ፣ እኔም ከዚያ በኋላ እሄዳለሁ።»

ቀበሮ ስትሄድ አህያ ከመስመሩ ወዲህ ሆና «አያ ጅቦ፣ ነገሩ ወሬ ከሆነ ራሷ ለምን ቀድማ አልበላችም?» አለችው።

«አክብራኝ ነዋ! እስከ ዛሬ በማዕድ ያስቀደመኝ ማን አለ?» አለና ደረቱን ነፋ። ቀትር ሲሆን በሩን ከፍቶ ወጣ። አህያም ወዲያው ከውስጥ ቀረቀረችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ መጣ።

«ክፈቺ!»

«አልከፍትም።»

«ቤቴ እኮ ነው!»

«ቤቱ ያንተ ነው፤ ሳምባው ግን የኔ ነው።»

«እዪኝ! ደህና አይደለሁም እንዴ?»

«ዛሬ ደህና ነህ። ሽማግሌው ዝንጀሮም እሑድ ደህና ነበር።»

ቢጮህ፣ ቢለምን፣ ቢያላዝን አልከፈተችም። ከመዝጊያው ውጪ ባለው የድንጋይ ጥላ ሥር ተኛ። በማግሥቱ ቀበሮ ከሩቅ አየችው። ቆሟል፣ ጠግቧል፣ አፉን ይልሳል። ሣቀች። በዚያው ቀትር ወንዙን ተሻግራ በላች፤ የቀረውንም ለሁለት ልጆቿ ይዛ ገባች።

ጅቡ በልቶ በመጣ በአራተኛው ቀን አህያ ከውጪ አንድ ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ የሚሥቅ መስሏት ነበር። ከዚያ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ አዳመጠች። ያስላል! ዘበኛው ነብር እንኳ ድምፁን ሲሰማ ጅራቱን ቆልፎ ሸሸ።

«ይሙት» ብላ አሰበች አህያ። «ቢሞት ከጥርሱ አመልጣለሁ።» ወዲያው በገዛ ሐሳቧ ደነገጠች። ይህን ያሰበችው እሷ ናት? ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን ሸክም የተሸከመችው አህያ?

ከገንቦው ቀድታ አንድ ቅል ውሃ ሞላች። ከመዝጊያው ሥር ባለው ክፍተት በረጅም እንጨት ገፍታ አወጣችውና ወደ ጥጓ ሸሸች። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እንዲሁ አደረገች። በዋሻው ጥግ ከድንጋይ ሥር ተረስቶ ያገኘችውን ደረቅ ቆዳና አጥንትም ትገፋለታለች።

«አያ ጅቦ፣ አለህ?»

«አለሁ... መሰለኝ።»

አንድ ቀን ግን መልስ ጠፋ። ሁለቴ ጠራች፤ ሦስቴ ጠራች። አራተኛውን ስትጠራ ጥፍር መዝጊያውን ቀስ ብሎ ሲቧጭር ሰማች። ጅብ በመትረፉ አህያ አለቀሰች። ይህን ማን ያምናል?

አርባኛው ቀን ደረሰ። ቁራ በዛፉ ላይ ተቀምጦ፣ በሻከረ ድምፅ አዋጁ መነሣቱን ተናገረ። ቀጥሎም ሙታኑን መጥራት ጀመረ። ከዝንጀሮ መንደር የጠራው ስም ማለቂያ አልነበረውም። በመጨረሻ «ከቀበሮ ጉድጓድ፣ እመት ቀበሮ፣ ሁለቱም ልጆቿ» አለ።

አህያ በሩን ከፍታ በቆመችበት ደርቃ ቀረች። አያ ጅቦ እንደ ጠፍር ቀጥኖ ድንጋዩን ተደግፏል።

«ልጆቿም?» አለ። «ያቺ ብልጥ፣ ለልጆቿም አበላቻቸው?»

«አንተን አይታ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ቆሜ አየችኝ። እኔ ግን የቆምሁት ገና ስላልወደቅሁ ነበር።»

 ከዚያ ጅቡ ቀና ብሎ አህያይቱን ከሰኮናዋ እስከ ጆሮዋ አያት። ምራቁን ዋጠ። አዋጁ ተነሥቷል፤ እንግዳ የሚባል ከእንግዲህ የለም።

«እመት አህዪት፣ ሂጂ።»

«ብቻህን መቆም ትችላለህ?»

«ሂጂ አልሁሽ! ውሃሽን እኔ አልረሳውም፤ ሆዴ ግን ይረሳዋል። ጉልበቴ ሳይመለስ ሂጂ!»

አህያ የተረፈ ጭዷን እንኳ ሳታነሣ፣ ዞር ብላም ሳታይ፣ አቧራውን እያጨሰች ሸመጠጠች።

ከዚህ የምንማረው፣ ወረርሽኝ በገባበት አገር ዛሬ ቆሞ የታየ ሁሉ ጤነኛ አለመሆኑን፣ ጨካኝም በሩን የዘጋው ሳይሆን በሩን ዘግቶ ውሃውን የነፈገው መሆኑን ነው።